ካንባራ ቶኩዞ እቶኑን የበሳበት ምክንያት

ካንባራ ቶኩዞ በጃፓኗ የሸክላ ከተማ በቢዘን አርባ ዓመት ሸክላ ሲተኩስ የኖረ ሰው ነው። ዝናብ ከአኩሪ አተር አይብ (ቶፉ) ሻጩ ጣሪያ ሥር ባያስጠልለው ኖሮ ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ልጅ ጋር ቃል ባልተለዋወጠ ነበር። የተማረ ሰው አይወድም፤ ደግሞም አይፈረድበትም። አንድ ፕሮፌሰር ሦስት ክረምት እቶኑ ሥር ተቀምጦ ሩዙን እየበላ ሲጠይቀው ከረመና መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ቶኩዞ «አንድ የአካባቢው ሠራተኛ» ነበር።

«አቶ ካንባራ እርስዎ ነዎት?» አለች እዚያው የተጠለለችው ልጅ ጎንበስ ብላ። «ሐማጉቺ ኦሪዬ እባላለሁ። ልለምንዎ ስመጣ ነው ዝናቡ የያዘኝ።»

«ዝናቡ አውቆ ነው፤ ተመለሺ ሲልሽ ነው።»

ሳቀችና ከያዘችው ሣጥን ጥፍር የምታህል ጥቁር ጡብ አወጣች። «ይህች አንድ ፊቷ ሲግል፣ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። በላቦራቶሪ ምድጃ ሠርታለች፤ የእንጨት ጭስና አመድ ግን አልቀመሰችም። ዘንድሮ በእውነተኛ እቶን ግድግዳ ካልሞከርኳት ሥራዬ ይዘጋል።»

«አባቴ በጨውና በሩዝ መጠጡ በሳኬ ያሟሸውን እቶን ልትቦረቡሪ? አሥር ቀን የነደደ እሳት በቀዳዳ ካፈተለከ የዓመት ልፋቴ ገደል ገባ! ለመሆኑ በዚህች ምን ይበራል? የትንኝ ቤት?»

«አውሎ ነፋስ መብራት ሲቆርጥ፣ የሙቀት መለኪያዎ ይሠራል?»

 ባለፈው መስከረም ቶኩዞ መብራት ተቆርጦ መለኪያው ቆሞበት በግምት ተኩሶ፣ ግማሹ ዕቃ ተጣሞ ወጥቷል። ይህን ለተማረ ሰው አይናገርም።

«ያቺስ?» አለ ሣጥኑ ውስጥ የቀረችውን ሌላ ጡብ እያየ።

«የተሰነጠቀች ናት። ምክንያቱን አላወቅሁም፤ አላወቅሁም ብዬም ጽፌያለሁ።»

ቶኩዞ ቀና ብሎ አያት። የተማረ ሰው አላወቅሁም ሲል ገና መስማቱ ነው። «ከምን ሠራሻት?»

«ከዱቄት። ተጠቅጥቃ፣ ተተኩሳ።»

«ሸክላ ናታ!» ስንጥቁን በጥፍሩ ዳሰሰ። «ጠርዙ ስለት ነው። እሳቱ አይደለም የሰበራት፤ ስትቀዘቅዝ ነው የተሰነጠቀችው። መቼ አወጣሻት?»

«በማግስቱ።»

«በማግስቱ! እኛ እቶን ደፍነን ሳምንት እንጠብቃለን። ችኮላም ትምህርት ሆነ?»

ማስታወሻዋን አውጥታ «ካንባራ ቶኩዞ እንዳስረዱኝ» ብላ መጻፍ ጀመረች። አሻግሮ ስሙን አነበበ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቦታውን የምመርጠው እኔ ነኝ። የምበሳውም እኔ ነኝ።»

በክረምቱ ተኩስ አሥራ ሁለት ጡቦች በእቶኑ ግድግዳ ገቡ። ሳምንት ተጠብቆ ሲወጡ ሁለቱ የብረት መጋጠሚያቸውን አመድ በልቶት ሞተዋል፤ አሥሩ ደህና ናቸው። መለኪያው አሥሩንም ቀን የሠራው በእነሱ ነበር።

ጎረቤቱ ሸክላ ሠሪው ኢሺዳ ሊያሾፍ መጣ። «ቶኩዞ፣ እቶንህን ሴት ልጅ በሳችው አሉ?»

«ራሴ ነኝ የበሳሁት። አንተ ጥድ ፈልጠህ ታነዳለህ፤ ግድግዳህ የሚተፋው ሙቀት ግን ድመት ነው የሚያሞቀው። ያው ሙቀት መለኪያህን ያሠራልሃል፣ መብራት ቢጠፋም ዕቃህ አይጣመምም፣ አንድ እንጨት አትጨምርም። ልጅቱም አመዱን የሚችል መጋጠሚያ እስክታገኝ መሞከሪያ ሌላ እቶን ያስፈልጋታል።»

ኢሺዳ ጭንቅላቱን አከከ። «እና ምን አድርግ ነው የምትለኝ?»

«ቅዳሜ መሰርሰሪያዬን ይዤ እመጣለሁ። ከግድግዳው ሥር ማገዶህን አንሳ።»