ከተራራው ማዶ የሚነፍሰው ነፋስ

ጡብ ሠሪው ሽማግሌ በዚያ ጧት ተራራውን የወጡት የታናሽ ወንድማቸውን ግቢ ተደብቀው ለማየት ነበር። የሁለቱም ሙያ አንድ፣ ያስተማራቸውም አንድ አባት ነው፤ ነገር ግን የእርሳቸው ጡብ በካፊያ እየሟሸሸ ሲፈርስ፣ ማዶ ያለው የወንድማቸው ጡብ ወዲያው ደርቆ ለገበያ ይደርሳል። ይህ ነገር አንጀታቸውን ሲያሳርረው ኖሯል።

አናቱ ላይ ሲደርሱ የቢስክሌት ጎማ የምትነፋ ሴት አገኙ። የወንድማቸው ልጅ፣ የሳይንስ መምህርቷ ነበረች።

«ጋሼ! በዚህ ብርድ ወዴት ነው?»

«እንዲያው እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አሉ። ሆዳቸው ግን አልቻለም። «አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽ ምን አስደርጎ ነው ሰማዩ ለእርሱ ብቻ የሚጠራለት?»

መምህርቷ አልሳቀችም። መንፊያውን አቀበለቻቸው። «እስቲ ይንኩት።»

«ይሞቃል!»

«አየር ሲታመቅ ይሞቃል። አሁን ደግሞ እጅዎን እዚህ ያድርጉ» ብላ ሌላውን ጎማ ጥቂት አስተነፈሰችው። የወጣው አየር መዳፋቸውን አቀዘቀዘው።

«ሲለቀቅና ሲሰፋ ደግሞ ይቀዘቅዛል። በእርስዎ በኩል ያለው ነፋስ ተራራውን ሲወጣ፣ ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስለት ይሰፋል፤ ይቀዘቅዛል። እርጥበቱም ደመና ሆኖ እርስዎ ላይ ይዘንባል። ወደ አባቴ ሲወርድ ግን ታምቆ ይሞቃል። ውሃውን እርስዎ ጋ ጥሎ ስለመጣም ደረቅ ነው።»

«ወደ ፀሐይ የቀረበማ መሞቅ ነበረበት!»

«ታዲያ እዚህ ሲደርሱ ካፖርትዎን ለምን ቆለፉት?»

ሽማግሌው የተቆለፈውን ካፖርታቸውን ዝቅ ብለው አዩት። ቅናታቸው ግን አልበረደም። «እንግዲያው ነፋሱም የሚያዳላው ለእርሱ ነዋ!»

«ለእርስዎስ አላዳላም? አባቴ ጭቃ የሚያቦካበትን ውሃ ከሩቅ ነው የሚያስመጣው። ‹የወንድሜ ምንጭ በኖረኝ› እያለ ሲቀናብዎ ነው የሚውለው።»

«በእኔ? እሱ?» ፊታቸው በራ። ደስታቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን ዳሰሱ፤ ከዚያም ቁልቁለቱን ወርደው የወንድማቸውን በር በግልጽ አንኳኩ።

ከዚያ ወዲህ ጭቃው በታላቅየው ምንጭ እየተቦካ፣ በጋሪ ተሻግሮ በታናሽየው ግቢ ይቀረጻል፣ ይደርቃል። ጡብ በዝናብ መፍረሱ ቀረ፤ ውሃ ፍለጋ መንከራተቱም ቀረ፤ ተኳርፈው የነበሩት ቤተሰቦችም በአንድ ገበታ መብላት ጀመሩ። ሽማግሌው የወንድማቸውን ፀሐይ ሲያዩ ዛሬም ቅር ይላቸዋል። ነገር ግን ምክንያቱን ስላወቁት፣ ወንድማቸውን አይጠሉም።