የተቆለፈው ክፍል

ከነገሌ ወደ ሻኪሶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ተቀምጠው ነበር።

«እትዬ፣ ትናንት በቴሌቪዥን የታየውን ፊልም አይተውታል?» አለች ወጣቷ።

«ሚስትየው ባሏ የቆለፈውን ክፍል የምትከፍትበትን?» አሉ ትልቋ።

«ኤዬ፣ እሱን። ቁልፉን ስታዞር መብራት ጠፋብን። ውስጥ ምን አገኘች?»

«ሌላ ሴት። መጽሐፉ ግን እንደዚያ አይደለም። አንብቤዋለሁ።»

«መጽሐፉ ላይ ምን ነበር?»

«ባልየው በጠና ታሟል። እሷ እንዳታውቅ መድኃኒቱን ነው የቆለፈው።»

«ታዲያ ለምን ቀየሩት?»

«እንጃ ልጄ። ሕመም ለፊልም አይመችም ብለው ይሆናል።»

ወጣቷ ወሬውን ቀየረች።

«ሻኪሶ ገና ነው?»

«ቅድምም እኮ ጠይቀሽኝ ነበር። ማን አለሽ እዚያ?»

«ባለቤቴ። ወርቅ ቁፋሮ ላይ ነው። ስልክ ማንሳት ካቆመ ሰነበተ። መጨረሻ ስናወራ፣ ሳልጠራሽ እንዳትመጪ ብሎኛል።»

«እንደምትመጪ ያውቃል?»

«አያውቅም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ መጽሐፉን ነው የምመርጠው፣ እትዬ።»

«ታሞ ቢሆን ይሻልሻል?»

«እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ ይሻለኛል። አስታምመዋለሁ።»



«እኔም ሻኪሶ ነኝ» አሉ ትልቋ። «እስከ ቤቱ አደርስሻለሁ።»

«እሺ። በሩን ግን ብቻዬን ላንኳኳ።»

ሻኪሶ ስንደርስ በሚኒባሱ በር አጠገብ የነበርኩት እኔ ብሆንም፣ እነሱ ቀድመው እንዲወርዱ እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።