የመዋለ ሕፃናቱ መጫወቻ

ከቁስቋም በሚወርደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ልጅሽን አዲሱ የመንግሥት መዋለ ሕፃናት አስገባሻት አሉ?»

«አስገባኋት። በነፃ ነው፤ ምሳም ያበላሉ። መጫወቻውን ብታዪው ደግሞ!»

«ታድላ! ስትጫወት ትውላለቻ?»

«ኧረ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።»

«ለምን?»

«እንዳይሰበር ነዋ። የመንግሥት ንብረት እኮ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል።»

«መጥቶ ያውቃል?»

«አንዴ ኃላፊዎች መጡ። ልጆቹ እየተጫወቱ ፎቶ ተነሱ፤ ከዚያ ተመልሶ ተቆለፈ።»

«ታዲያ ቤት ስትመጣ ምን ትጫወታለች?»

«የወንድሟን ኳስ ሣጥን ውስጥ ትቆልፍና፣ በር ላይ ቁጭ ብላ እንግዳ ትጠብቃለች።»

ከሠርጌ ጀምሮ ቡፌዬ ውስጥ እንግዳ የሚጠብቁት ስድስት ብርጭቆዎች ትዝ አሉኝ።