በቁማቸው መርከብ የተሰየመላቸው የአቶ ገብረሰንበት ተስፋማርያም ዜና ሕይወት

አቶ ገብረሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ተስፋማርያም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቄ በ1948 ዓ.ም. በአዲግራት ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው፣ ባሕርን በሥዕል እንኳ ሳያዩ ባሕረኛ ሆነው ምጽዋ ወረዱ።

በጦርነቱ ዘመን ጀልባቸው በማዕበል ተገልብጣ ሲጠፉ፣ አዛዣቸው ሞተዋል ብሎ አስጸለየላቸው፤ ወታደር ለምታመላልሰው አዲስ መርከብም ለክብራቸው ስማቸውን ሰጣት። እርሳቸው ግን በዓሣ አጥማጆች ደሴት ተጠልለው ነበር። ሰፈራችን አንድ ዓሣ ነባሪ አዝሎ አወጣቸው ይላል፤ እኔ የሰማሁት ሁለት ነው። ሲመለሱ፣ የቁም ሰው ስም በመርከብ መጻፉ በባሕረኞች ዘንድ እንደ ርግማን ይቆጠር ነበርና እንዲፋቅላቸው ለመኑ። አዛዡ፣ «መሞትህ ለበላይ ተነግሯል፤ አርፈህ ሙት» ብሎ መለሳቸው። መርከቢቱም ወታደር ጭና እንደወጣች በቦምብ ተመትታ ሰጠመች። የአንዱም አስከሬን አልተገኘም፤ የቀረው «ገብረሰንበት ልጆቻችንን ይዞ ሰጠመ» የሚል ወሬ ብቻ ነበር።

ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥተው ቦሌ ቡልቡላ የውኃ ፓምፕ እየጠገኑ፣ ወይዘሮ ዘውዲን አግብተው ዓወትንና ረሆቦትን ወለዱ፤ በኋላም ሰሚት ኮንዶሚኒየም ገቡ። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት የወሎዋ ጨርቅ ነጋዴ ወይዘሮ መኪያ፣ አንድያ ልጃቸው ሃይደር በዚያች መርከብ የቀረባቸው እናት ነበሩ። ስማቸውን ሰምተው ሲጠይቋቸው አቶ ገብረሰንበት አልሸሸጉም፤ ወይዘሮ መኪያም በራቸውን ዘጉባቸው። ወይዘሮ ዘውዲ በሌላ ስም እንዲጠሩ ቢለምኗቸው፣ «እኔ ስሙን ከጣልኩት እናቶቹ ማንን ይጠይቁ?» ብለው እምቢ አሉ። መርከቢቱ በሰጠመችበት ዕለት፣ በየዓመቱ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በተዘጋው በር ፊት ለቅሶ ይቀመጡ ነበር። ከመቀመጣቸው ብዛት የደረጃው ሲሚንቶ ጎድጉዷል፤ ያላመነ ሄዶ ይይ።

ዘንድሮ ሳንባቸው ታሞ ደረጃውን መውጣት ተስኗቸው ቀሩ። በዚያ ዕለት ወይዘሮ መኪያ በራቸውን ቢከፍቱ ደረጃው ላይ ማንም የለም። በትራቸውን ይዘው ራሳቸው ወረዱ፤ አቶ ገብረሰንበት እስኪያርፉም ከአልጋቸው ግርጌ አልተለዩም።

ትናንት ይህን ጽሑፍ ሳሰናዳ ወይዘሮ መኪያ መጥተው፣ «እኔንም ከቤተሰቡ ጋር ጻፉኝ። ነገ ልጄንም ነው የምቀብረው» አሉኝ።

ስለዚህ አቶ ገብረሰንበት በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘውዲን፣ ልጆቻቸውን ዓወትንና ረሆቦትን፣ እንዲሁም ወይዘሮ መኪያን በሐዘን ትተው አልፈዋል። የእርሳቸውን፣ የሃይደርንና የጓደኞቹን ነፍስ ፈጣሪ በአንድነት ያሳርፍልን።