ሃያ ዘጠነኛዋ ብጣሽ

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ ልጃችን ትንሣኤ፣ የዕድራችን ሰዎች፣ የጋሽ ፍቅርተማርያም ተማሪዎች፣ የቅዳሜ ሯጮች፣ እንዲሁም ሥራችሁን ጥላችሁ በዚህ ጭቃ የመጣችሁ ወገኖቼ ሁሉ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ አላህ ያጽናችሁ። ዛሬ ሁለቱንም እላለሁ። አባቶች፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሜ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ጠሀ እባላለሁ። ፒያሳ ጨርቅ እሸጣለሁ። የጋሽ ፍቅርተማርያም የሕይወት ታሪክ ቅድም ተነቧል። የት እንደተወለዱ፣ ስንት ዓመት ጂኦግራፊ እንዳስተማሩ፣ መቼ ጡረታ እንደወጡ ሰምታችኋል። መጨረሻ ላይ ምን ተባለ? «በድንገተኛ የልብ ሕመም» ተባለ። እውነት ነው። ግን ሙሉው አይደለም። የቀረውን የማውቀው እኔ ነኝ። ልናገር ብዬ የለመንኩትም ለዚህ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት ነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሱቄ መጡ። «ብጣሽ ጨርቅ አለህ?» አሉኝ። «አለ፤ ስንት ሜትር ልቁረጥ?» አልኩ። «ሜትር አልፈልግም። የምትጥለውን ስጠኝ። ነጭና ቢጫ ይሁን፣ በረግረጉ ደንገል መሀል የሚታይ።» «ምን ሊያደርጉበት ነው ጋሼ?» «መንገድ ልሠራበት።»

ሳቅኩ። ለሙሽራ ሸጫለሁ፣ ለመጋረጃ ሸጫለሁ፤ ለመንገድ ጨርቅ የጠየቀኝ ግን የለም። እሳቸው አልሳቁም። ሆዴን አዩት። ከላይ እስከ ታች አዩት። «ስኳር አለብህ?» አሉኝ። «አለብኝ።» «እንግዲያው ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጥቁር ውኃ ድልድይ ላይ» ብለው ብጣሹን በፌስታል ይዘው ወጡ። ሰው እንዲህ ይታዘዛል? እኔ ታዘዝኩ። በሱቅ ጫማዬ ሄጄ፣ አንዱን ጫማ ረግረጉ አስቀርቶት ተመለስኩ።

ከድልድዩ ወዲያ ያለውን የረግረግ ፓርክ ከመኪና መስኮት ያያችሁት ሰዎች ሜዳ ይመስላችኋል። ሜዳ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የሮጥንበት ቦታ በዚህ ሳምንት ጉልበት ድረስ ይውጣል። ደረቅ የመሰለው ከሥሩ ውኃ ነው። ስለዚህ ጋሽ ፍቅርተማርያም ዓርብ ዓርብ ዱላቸውን ይዘው ብቻቸውን ይገቡ ነበር። እየወጉ፣ እየረገጡ፣ እየሰመጡ፣ እየወጡ። ጠንካራ መሬት ሲያገኙ አንድ ብጣሽ ደንገሉ ላይ ያስራሉ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ስምንት ኪሎ ሜትር፣ ሠላሳ አራት ብጣሽ። እኛ ሃያ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ብጣሽ ብጣሹን እያየን እንሮጣለን። ማን ቀድሞ ረገጠው? እሳቸው። ማን ቀድሞ ሰመጠልን? እሳቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዳችንም እግራችን አልተሰበረም። እንዴት ነው ብለን ጠይቀን እናውቃለን? አናውቅም። ሮጥን፣ ላባችንን ጠረግን፣ ወደ ሥራችን ሄድን።

አቶ ላሚሶ እዚህ አሉ። እዚያ ዛፉ ሥር ቆመዋል። ከፓርኩ ዳር ከብት ያረባሉ። በመጀመሪያው ዓመት ጨርቁን እዚያው እንተወው ነበር። አንድ ጠዋት የአቶ ላሚሶ ጥጃ ሆዷ ተነፍቶ ወድቃ አገኘናት። ሞተች። ሆዷ ሲከፈት የእኔ ሱቅ ቢጫ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ። አቶ ላሚሶ አልጮኹም። «እናንተ ለመሮጥ ትመጣላችሁ። እኛ እዚህ እንኖራለን» ብቻ አሉ። እኛ አንገታችንን ደፍተን ወደ ባጃጆቻችን ሄድን። ጋሽ ፍቅርተማርያም ግን ቀሩ። ከሰውየው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እስከ ቀትር አልተነሱም። ጥጃ ለሞተበት ሰው ለቅሶ የሚቀመጥ አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ። ከሩጫው በኋላ አንዲት ብጣሽ እዚያ አትቀርም። እያንዳንዷ በማይጠፋ ቀለም ከአንድ እስከ ሠላሳ አራት ቁጥር ተጻፈባት። መጨረሻ የሚመጣው ይልቀም! መጨረሻ የሚመጣው ማነው? ሳቁ፣ አልቀየምም። እኔ ነኝ። ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

ድልድዩ ላይ ቆመው እንደ ክፍል ተማሪ ስም ይጠሩብኝ ነበር። «አንድ?» «አለች።» «ሁለት?» «አለች።» አንድ ቀን አሥራ ዘጠኝ ጎደለች። «አሥራ ዘጠኝ የት አለች፣ ጠሀ?» «አንዲት ብጣሽ ናት ጋሼ፤ ነገ ሌላ አመጣለሁ።» «እኔ ሌላ አልጠየቅሁህም።» በሃያ ሰው ፊት መለሱኝ። አባ ኮዳ የምንለው ያ ትልቅ ወፍ ከጎኔ ቆሞ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ እያየኝ፣ ቁጥቋጦ ስፈትሽ ረፈደ። ይዤ ስመለስ ሁሉም ሄዷል። እሳቸው ብቻ ድልድዩ ላይ ቆመው ነበር። «አሥራ ዘጠኝ?» አሉ። «አለች» አልኩ። ትከሻዬን ያዙኝ። ከዚያ በኋላ በምንም ነገር ተቆጥተውኝ አያውቁም።

እንግዲህ ያለፈው ቅዳሜ።

ቤቴ እንግዳ ነበር። የልጄ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ነው። ሰዓቴን እያየሁ ነበር የምሮጠው። ሃያ ስድስትን ለቀምኩ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይጠመዘዛል፤ ውኃው ሞልቷል። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ ማዶ ላይ ይታዩኛል። አዎ፣ ይታዩኝ ነበር። አቋርጬ ወደ ሠላሳ ወጣሁ። ሰኞ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ድልድዩ ስደርስ ዝናብ ጀመረ። ሰው ሁሉ ተበተነ። ስም ለመጥራት ጊዜ አልነበረም። ጋሼ ከረጢቱን ተቀበሉኝና «ሞልቷል?» አሉኝ።

«ሞልቷል» አልኩ።

ወገኖቼ፣ ሰምታችሁኛል? ሞልቷል አልኩ። ውሸት ነበር። እሳቸውም በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆጥሩ አመኑኝ።

የቀረውን የነገሩኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥ ናቸው። ጋሼ ማታ ብጣሾቹን አጥበው ገመድ ላይ ሲያሰጡ ቆጠሩ። ሠላሳ አንድ። እንደገና ቆጠሩ። ሠላሳ አንድ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ «ለጠሀ ደውልለት እንጂ» አሏቸው። እሳቸው ምን አሉ? «ተይው፣ ዛሬ እንግዳ አለበት። ደስታውን አናበላሽበት።» ዋሸኝ አላሉም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብሳቸውን ቀይረው፣ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። «የላሚሶ ጥጆች በዚያ በኩል ነው የሚሰማሩት» ብለው ወጡ። ያቺን የመጀመሪያዋን ጥጃ አልረሷትም ነበር።

ያገኟቸው አቶ ላሚሶ ናቸው። አንድ ግራር ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። እስከ ወገባቸው ጭቃ። ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ። በግራ እጃቸው ሁለት ብጣሽ ጨብጠው ነበር፤ ሃያ ሰባትና ሃያ ስምንት።

ሐኪሙ «ልባቸው ነው፤ ቤታቸው ሆነውም ሊደርስባቸው ይችል ነበር» አለ። እናንተም ይህንኑ እያላችሁ አጽናናችሁኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ቤታቸው ሆነው አልደረሰባቸውም። እኔ በተውኩት መንገድ ላይ ደረሰባቸው። ሰኞ እሄዳለሁ ያልኩት ሰውዬ ሰኞ ሄድኩ። ከአቶ ላሚሶ ጋር ትናንት ንጋት ላይ ገባን። ሃያ ዘጠነኛዋ እንዳለች ናት። ጥጃ አልነካትም። የት እንደነበረች ልንገራችሁ? ከግራሩ ፊት ለፊት፣ አርባ እርምጃ አይሞላም። እያዩዋት ነው የሞቱት።

ዛሬ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ለወይዘሮ ሙሉጌጥ ሁሉንም ተናገርኩ። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። እንዲያባርሩኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ጓዳ ገብተው ይህን ከረጢት አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ቆጥረህ አስረክበው» አሉኝ። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም፤ አልጠየቅኋቸውም። የመጠየቅ ፊት የለኝም።

የቅዳሜ ሯጮች፣ ወደ እናንተ ነኝ። ዓርብ ማን ይገባል? ማን ቀድሞ ይረግጣል? ከእናንተ አንዱ ዱላውን ያንሳ። እኔ አልችልበትም፤ መሬቱን አላውቀውም። እኔ የማውቀው ከኋላ መምጣትና መልቀም ነው። እግሬ እስከቻለ እለቅማለሁ። ቤቴ ሰርግ ቢኖርም እለቅማለሁ።

ጋሼ፣ አሁን ወደ እርስዎ ነኝ። ዝናብም የለም፣ የምቸኩልበትም የለም። ሠላሳ አንዱን ማታ ቆጥረውታል። እኔም ጠዋት አንድ በአንድ ቆጠርኩት፤ ልክ ነው። የቀሩትን እንደ ልማዳችን እንጥራቸው። እርስዎ ስለማይጠሩልኝ እኔው እጠራለሁ።

ሃያ ሰባት? አለች።

ሃያ ስምንት? አለች። እነዚህን እርስዎ ነዎት የለቀሙልኝ።

ሃያ ዘጠኝ?

አለች፣ ጋሼ። ይኸው፣ እጄ ላይ ናት። አለች።

ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ። ከድልድዩ ላይ ይውረዱ፣ ከእንግዲህ አይጠብቁኝ። ሞልቷል። ዛሬ እውነቴን ነው።