ለሦስት ሽማግሌ ሁለት ወንበር

«ፋጢዬ፣ ዛሬስ ሩጡባው፣ ይኼ እርጥብ ሙቀት፣ እንኳን ልብስ ሊያደርቅ እኛኑ ቀቀለን... እስቲ ያንን መቆንጠጫ አቀብይኝ። እመቤትሽ ደህና ናቸው? አልሐምዱሊላህ።»

ሀዋዬ፣ የመን ውስጥ ማዓላ በሚባል የወደብ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ከጎረቤት ሠራተኛ ከፋጢ ጋር የምታወራ ትመስላለች። ፋጢ ግን አጠገቧ ናት፤ ለአጠገብ ሰው እንዲህ አይጮኽም። የምትጮኸው ከታች ግቢው ውስጥ፣ ከአሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና ስር እግሩ ብቻ ለሚታየው መካኒክ ነበር።

«ሰው ማማት አልወድም፣ ታውቂኛለሽ... ግን የአንዳንድ ሰው ትዕግሥት፣ ማሻአላህ! እንግሊዞች ጥለዋት የሄዱትን፣ ድመት የወለደችባትን፣ ቁራ ጎጆ የሠራባትን መኪና አስነሳለሁ ብሎ ሁለቱ የመኖች የተዋሐዱ ሰሞን ጀመረ። አገሮቹ ታረቁ... ባትሪውና ሞተሩ ግን ገና ሲነጋገሩ ከረሙ። ደግሞስ ምን ያስቸኩላል?

ለካ የሚያስቸኩልም ነበር! አንዷን ልጅ ‹ሽማግሌ የምልከው መኪናዋ የተነሳች ቀን ነው፤ ሸይኽ ዑስማን ሰፈር፣ አጎትሽ ቤት፣ ሽማግሌዎቹ በእሷ ነው የሚሄዱት› ብሏት ነበር አሉ። ወላሂ፣ እንዴት ያለ ክብር ነው! እናቶቻችንን እኮ ወሎ ላይ የጠየቋቸው በእግራቸው ሄደው ነው... ምስኪኖች፣ ካርቡሬተር የት ያውቃሉ።»

ከታች የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ያቺ ልጅ ራሷ ሀዋዬ እንደሆነች ሦስቱም ያውቃሉ። ስትወደው ኖራለች፤ ግን ሳቅ ብላ ቀጠለች።

«ይኸውልሽ፣ ትናንት በስንት ዱዓ ተነሳች! ማዓላ በሙሉ ሰማ። ልጅቷም ጎንበስ ብላ ውስጧን አየች አሉ... ሁለት ወንበር። አንዱ የሹፌሩ። ሦስት ሽማግሌ የት ሊቀመጥ ነው፣ ተቃቅፎ? ያን ሁሉ ዘመን ስሯ ተኝቶ አንድ ቀን ቀና ብሎ ወንበሯን አላያትም... አትፍረጂበት፣ ሰው ሲወድ እንዲህ ነው። አሁን ደግሞ የኋላ ወንበር ሊቀጥልላት አስቧል አሉ። አስተዋይ!

ልጅቷማ... ሌላ ሰው አጎቷ ቤት ሽማግሌ ላከ። ደባብ በሚሏት ትንሽ የሕዝብ ታክሲ ተጨናንቀው፣ ላባቸውን እየጠረጉ መጡ። እሷም እሺ አለች። እያለቀሰች ነው ያለችው... ብቻ አለች። ኒካሑ ጁምዓ ነው።»

መፍቻው ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሀዋዬ የመጨረሻዋን አንሶላ ዘረጋች።

«እኔማ ከዱዓ በቀር ምን አለኝ? አላህ እጁን ይባርክለት፣ ሞተሯን ያጽናለት፣ ቤንዚን አያሳጣው! ለጁምዓ መኪናዋን በአበባ አስጊጦ፣ እሱው ራሱ እየነዳ ሙሽሪትን ባሏ ቤት በሰላም ያድርስልን... አሚን በይ እንጂ፣ ፋጢ!»