ስም የተነፈገው ፍጡር

ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ጎሚስታ ነኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ጥያቄ ግን መልሻለሁ። አንድ ቀን ጎፋ ሰፈር ጎማ ስለጥፍ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የጎረቤታችን ልጅ ተስፋዬ የፈረንጅ መጽሐፍ ይዞ፣ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «አንድ ሊቅ ከሬሳ ሰው ይሠራል። ሲነሳ መልኩ አስፈርቶት ጥሎት ይሸሻል። የተጣለውም ዞሮ የሊቁን ዘመዶች ይፈጃል። ክፉው ማን እንደሆነ ነገ ጽፌ ካላቀረብኩ ወደቅኩ» አለኝ።

«የተሠራው ሰው ስሙ ማነው?» አልኩት። መጽሐፉን ቢያገላብጥ፣ ቢያገላብጥ ስም አጣ። «የለውም» አለ።

«ታዲያ ምን ትጨነቃለህ? እኛ ሰፈር የመጨረሻው ድሃ እንኳን ልጁን በአርባ ቀኑ መካኒሳ አቦ ወስዶ ክርስትና ያስነሳል፣ ስም ያወጣለታል። ያንተ ሊቅ ግን ሰው ሠርቶ ስም ነፈገው። ክፋቱ እዚያ ጀመረ።»

«አንተ ጎማ ለጣፊ!» ብሎ ሳቀብኝ። ግን ጻፈው።

በሳምንቱ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ለካ አስተማሪው ጽሑፉን ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ብሎ አንብቦለታል! ሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ተስፋዬ በደንበኞቼ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሌላም መጽሐፍ አለ» አለኝ።

እጄን በጨርቅ ጠራረግኩና ያረጀ ጎማ አንከባልዬ ሰጠሁት። «ቁጭ በል፤ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አልኩት።